የፎቶ ፎርማት አቀያየር፦ ዋናው ሳይጠፋ፣ ፊደሉ ሳይደበዝዝ

አራት ኪሎ ባለው ኮፒ ቤታችን በር ላይ በተለጠፈው የዋጋ ዝርዝር ውስጥ «ፎቶ መቀየር» የሚል መስመር የለም። ከኮፒና ከፕሪንት ቀጥሎ ቀኔን የሚወስደው ግን እሱ ነው። «ይሄ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ አልከፈት አለ»፣ «ፎርሙ ጄፔግ ካልሆነ አልቀበልም አለኝ»፣ «ሎጎዬ ጀርባው ጥቁር ሆነብኝ»፣ «ስልኬ ላይ ጥርት ብሎ የነበረው ሲታተም ደበዘዘ» የሚል ሰው ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም። አብዛኛው ሥራ በራስ ስልክ በሁለት ደቂቃ፣ ብዙውን ጊዜም ያለ ኢንተርኔት የሚያልቅ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቆሜ የማስረዳውን እዚህ በጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ልማድ እንዲይዙ እለምናለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ስካን የተደረጉ የቤተሰብ ፎቶዎች በፍላሽ አምጥተው «ልጄ፣ ውጭ ላለችው እኅትህ ልልክላት ነው፣ አሳንስልኝ» አሉኝ። አሳነስኳቸው። ነገር ግን የተቀየሩት በዚያው ፎልደር፣ በዚያው ስም እንዲቀመጡ አድርጌ ስለነበር በዋናዎቹ ላይ ተጽፈው ዋናዎቹ ጠፉ። ደግነቱ የታተሙት ፎቶዎች ቤታቸው ስለነበሩ ሁሉንም እንደገና ስካን አድርጌ ሰጠኋቸው። ባይኖሩ ኖሮ ምን እንደምላቸው ዛሬም አላውቅም። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንኛውንም ሥራ የምጀምረው ሁለት ፎልደር ከፍቼ ነው፤ አንዱን «ዋና»፣ ሌላውን «የተቀየረ» እላቸዋለሁ። ከ«ዋና» ይነበባል እንጂ በላዩ ላይ ምንም አይጻፍም። አዲስ ቅጂ ባስፈለገ ቁጥርም የምቀይረው ከዋናው ነው፤ ከተቀየረው ላይ ደግሞ መቀየር ጥራቱን በየዙሩ ይበላዋል።

ስሙን መቀየር ፎርማቱን መቀየር አይደለም

ከፋይሉ ስም ጫፍ፣ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ፊደላት በእጃቸው ከፒኤንጂ ወደ ጄፔግ አስተካክለው «ቀይሬው ነበር፣ አሁንም አልተቀበለኝም» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ይህ የመጽሐፍ ሽፋን እንደመቀየር ነው፤ ውስጡ ያው ነው። እያንዳንዱ የምስል ፋይል መጀመሪያው ላይ ማንነቱን የሚናገሩ ቁጥሮች አሉት። ጄፔግ በ255 እና በ216 ይጀምራል፤ ፒኤንጂ ደግሞ በ137፣ 80፣ 78፣ 71። ብዙ የፎቶ መክፈቻ ፕሮግራሞች ስሙን ትተው እነዚህን ቁጥሮች ስለሚያነቡ ፎቶው ይከፈታል፣ የተቀየረም ይመስላል። የማመልከቻ ገጽ ላይ ሲጫን ግን ውስጡ ይፈተሽና ይመለሳል። ፎርማቱ ተቀየረ የሚባለው ፎቶው በአንድ ፕሮግራም ተከፍቶ፣ ፒክስሎቹ (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን የቀለም ነጥቦች) ተነብበው፣ በአዲሱ ፎርማት እንደገና ሲጻፉ ነው።

የትኛው ፎርማት ለምን ይሆናል

ጄፔግ እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀ መስፈርት ነው። ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍልና ዓይን እምብዛም የማያስተውለውን ረቂቅ ዝርዝር ይጥላል። 12 ሚሊዮን ፒክስል ያለው የስልክ ፎቶ፣ እያንዳንዱ ፒክስል 3 ባይት ሲይዝ፣ ሳይጨመቅ 36 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ጄፔግ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ጥቂት ሜጋባይት ያወርደዋል። ለፊት፣ ለመልክዓ ምድር፣ ለሠርግ ፎቶ ከእሱ የሚመች የለም፤ የማይከፍተው መሣሪያም የለም። የተጣለው ዝርዝር ግን አይመለስም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ጄፔግን ወደ ፒኤንጂ ብትቀይርልኝ ይጠራል ብለው የሚመጡ አሉ። አይጠራም፤ የሚጨምረው የፋይሉ ክብደት ብቻ ነው።

ፒኤንጂ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሲሆን የተወለደውም በጊፍ ምክንያት ነው። ጊፍ የሚጠቀምበት የመጭመቂያ ስልት የባለቤትነት መብት ጥያቄ ተነስቶበት ስለነበር ማንም በነጻ የሚጠቀምበት ፎርማት አስፈለገ። ፒኤንጂ አንዲት ፒክስል አይጥልም፣ ጀርባ የሌለው ምስልም ይይዛል። ለሎጎ፣ ለስክሪንሾት፣ ጽሑፍ ላለበት ነገር ሁሉ እሱን ይምረጡ። ለተራ ፎቶ ግን አይሆንም፤ ያው የስልክ ፎቶ ከ10 ሜጋባይት ሊያልፍና ፓኬጅዎን ሊጨርስ ይችላል።

ጊፍ ከ1987 ጀምሮ ያለ፣ በአንድ ምስል ውስጥ 256 ቀለም ብቻ የሚይዝ ነው፤ ለሚንቀሳቀስ ምስል ካልሆነ ይተዉት። ዌብፒ ጉግል በ2010 ያወጣው ነው፤ ከድረ ገጽ ላይ ምስል ሴቭ ሲያደርጉ የሚመጣው፣ የቴሌግራም ስቲከሮችም የሚሠሩበት እሱ ነው። ቲፍ በ1986 የመጣ፣ ለማኅደርና ለማተሚያ ቤት የሚሆን፣ ከባድ ፎርማት ነው። የአይፎኑን ኤችኢአይሲ ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

ጄፔግና ፊደላችን

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህ ጉዳይ ለእኛ ከሌላው የሚለይ ክብደት አለው። የእኛ ፊደል ልዩነቱ ያለው በትንንሽ ነገር ላይ ነው። «በ»ን «ቡ» የሚያደርገው ከቀኝ እግሩ መሐል የምትወጣ አንዲት ጭረት ናት። ያቺው ጭረት ወደ እግሩ ግርጌ ስትወርድ «ቢ» ይሆናል፤ ክብ ስትሆን «ቤ»። ጄፔግ ደግሞ የሚጥለው በትክክል እንዲህ ያለውን ረቂቅ ነገር ነው። ጥቁር ፊደል በነጭ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ጠርዙ ስለታም ነው፤ ጄፔግ ስለታም ጠርዝን በደንብ መያዝ ስለማይችል በፊደሉ ዙሪያ አቧራ የመሰለ ጥላ ይረጫል። በትልቅ ርዕስ ላይ አይታወቅም። በትራንስክሪፕት ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ የአባት ስም ላይ ግን «ቡ» ይሁን «ቢ» ወይም «ቤ» መለየት ያቅታል። ስም በአንድ ፊደል ሲሳሳት ምን ዓይነት መመላለስ እንደሚያመጣ ጉዳይ ያስፈጸመ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ጽሑፍ ያለበትን ሰነድ ስካን ሲያደርጉ ወይም ሲያስደርጉ እንዲህ ይሁን። ሪዞሉሽኑን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው) ያድርጉት፤ ኤ4 ወረቀት በዚህ ልክ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። ዋናውን ቅጂ በፒኤንጂ ወይም በቲፍ ያስቀምጡ። የሚጠየቁት ጄፔግ ከሆነ ከዚያ ዋና ላይ ጥራቱን 90 አካባቢ አድርገው አንድ ጊዜ ብቻ ይቀይሩ።

የማህተም ነገርም አለ። ብዙ የስካን ፕሮግራሞች «ጥቁርና ነጭ» የሚል ምርጫ ያቀርባሉ፤ ፋይሉ እጅግ ትንሽ ስለሚሆን ደስ ይላል። ሐምራዊና ሰማያዊ ማህተም ግን በዚያ ምርጫ ወይ ድፍን ጥቁር ሆኖ ሥሩ ያለውን ፊርማ ይውጣል፣ ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ማህተም ያለበት ሰነድ ሁልጊዜ በቀለም ይነሳ። በዚህ ላይ ጄፔግ በተለመደው አሠራሩ የቀለሙን ዝርዝር በቁመትም በወርድም በግማሽ ስለሚቀንሰው በማህተሙ ዙሪያ የተጻፈው ክብ ጽሑፍ ይፈሳል። ጂምፕ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ጄፔግ ሲያወጡ ከተጨማሪ ምርጫዎቹ ውስጥ ሰብሳምፕሊንግ የሚለውን 4፡4፡4 ካደረጉት ቀለሙ ሙሉውን ይቀመጣል። ፋይሉ ጥቂት ይከብዳል፤ ማህተሙ ግን ይነበባል።

ከአይፎን የመጣ፣ አልከፈት ያለ ፎቶ

አፕል በ2017 ከአይኦኤስ 11 (አይኦኤስ የአይፎን ሲስተም ነው) ጋር ኤችኢአይሲ የተባለውን የፎቶ ፎርማት አመጣ። ከአይፎን 7 ጀምሮ ያሉት ስልኮች፣ ቅንብሩ ካልተነካ በቀር፣ በእሱ ነው የሚያነሱት። ለተመሳሳይ ጥራት ከጄፔግ ግማሽ ያህል ቦታ ስለሚይዝ መጥፎ ፎርማት አይደለም። ችግሩ የሚጨመቅበት ስልት የባለቤትነት ክፍያ ያለበት መሆኑ ነው። ዊንዶውስ ላይ ሲከፍቱት ከማይክሮሶፍት መደብር ሁለት ተጨማሪ ነገር አውርድ ይላል፤ አንዱ ነጻ ነው፣ ሌላው 0.99 ዶላር ያስከፍላል። ያቺን አንድ ዶላር የማትሞላ ገንዘብ ከዚህ ሆኖ ለመክፈል የሚያስፈልገውን ካርድ ሁሉም ሰው አይዝም። ስለዚህ ችግሩን ከስልኩ ላይ መፍታት ይሻላል።

ወደፊት የሚያነሷቸው ሁሉ ጄፔግ እንዲሆኑ ከፈለጉ ሴቲንግስ ይግቡ፣ ካሜራ የሚለውን፣ ቀጥሎ ፎርማትስ የሚለውን ይክፈቱና ሞስት ኮምፓቲብል የሚለውን ይምረጡ። ሴቲንግስ ውስጥ ፎቶስ የሚልም አለ፤ አዳዲሶቹ አይኦኤሶች ላይ አፕስ በሚለው ሥር ይፈልጉት። በዚያው የፎቶስ ቅንብር መጨረሻ ላይ ትራንስፈር ቱ ማክ ኦር ፒሲ የሚል አለ፤ እሱን አውቶማቲክ ካደረጉት በኬብል ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡ ስልኩ ራሱ ወደ ጄፔግ እየቀየረ ይልካል። ሳምሰንግ የያዙ ደግሞ በካሜራው ቅንብር ውስጥ ሃይ ኤፊሸንሲ ፒክቸርስ የሚለውን ያጥፉት። እኔ በግሌ ለሰነድና ለጉርድ ፎቶ ጄፔግ አድርጌ፣ ለራሴ ማስታወሻ ግን ኤችኢአይሲን ትቼው እሠራለሁ፤ ስልክ ቶሎ እንዳይሞላ ይረዳል።

አስቀድሞ የተነሳውን ለመቀየር፣ አይኦኤስ 16 ወይም ከዚያ በኋላ ያለ ከሆነ፣ እንዲህ ያድርጉ፦

1. ፎቶውን ከፍተው የማጋሪያውን ምልክት ይንኩና ሴቭ ቱ ፋይልስ ይበሉ።
2. ፋይልስ የሚለውን አፕ ከፍተው ያስቀመጡትን ፎቶ በጣትዎ ተጭነው ይያዙ።
3. ከሚመጣው ዝርዝር ኩዊክ አክሽንስ፣ ከዚያ ኮንቨርት ኢሜጅ የሚለውን ይንኩ።
4. ጄፔግ ይምረጡ፤ መጠኑን ሲጠይቅዎ ኦሪጅናል ይበሉ።

አዲሱ ጄፔግ ከኤችኢአይሲው አጠገብ ይቀመጣል፤ የቀድሞውም አይነካም። የፋይሉ ክብደት እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው፣ አይደንግጡ።

ስክሪንሾት እንደ መቀየሪያ አይጠቀሙ። ፎቶውን ከፍተው ስክሪኑን ቢያነሱት የሚያገኙት የስክሪንዎን ፒክስል እንጂ የፎቶውን አይደለም፤ የሰዓቱና የባትሪው ምልክትም አብሮ ይገባል።

ቴሌግራም ሳይነግረን የሚቀይረው

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶ ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በአብዛኛው በቴሌግራም ነው። ቴሌግራም ደግሞ ራሱ ፎርማት ቀያሪ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አይልም። ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲልኩ ወደ ጄፔግ ይቀየራል፣ ረጅሙ ጎኑም ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል። ለስልክ ስክሪን ይበቃል። ለወረቀት አይበቃም።

አንዲት እኅት የአባቷን የአርባ ቀን መታሰቢያ በኤ3 ልታሳትም መጣች። ፎቶው ወንድሟ በቴሌግራም የላከላት ነበር፤ ስልኳ ላይ እያየችው የአባቷን የግንባር መስመር ሳይቀር ታሳየኝ ነበር። ኤ3 በረጅም ጎኑ 42 ሴንቲ ሜትር ነው። 1280 ፒክስል በዚያ ላይ ሲዘረጋ 77 ዲፒአይ ገደማ ይሆናል፤ ከቅርብ ለሚታይ ፎቶ ከሚመከረው 300 ሩብ አካባቢ ማለት ነው። አንድ ቅጂ ለሙከራ ሳወጣላት ፊታቸው እንደ ጭጋግ ሆነ። ወንድሟ ጋ ደውለን ዋናውን በፋይል መልክ እንዲልክ ነገርነው። የመጣው 4032 ፒክስል ስለነበር 240 ዲፒአይ ያህል ሆነ፤ ሲታተም የግንባራቸው መስመር ተመልሶ መጣ። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት የአላላክ ብቻ ነው። ባነር ቢሆን ኖሮ ደግሞ አስቡት፤ ሁለት ሜትር ወርድ ላይ 1280 ፒክስል ሲዘረጋ እያንዳንዷ ፒክስል ከ1.5 ሚሊ ሜትር በላይ ትሰፋለች።

አላላኩ ይህ ነው። አንድሮይድ ላይ የወረቀት መያዣ የምትመስለውን ምልክት ነክተው ፎቶውን እዚያው ከመምረጥ ይልቅ ፋይል የሚለውን፣ ቀጥሎ ጋለሪ የሚለውን ይምረጡ። አይፎን ላይ ፎቶዎቹን ከመረጡ በኋላ ከላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው ሴንድ አዝ ፋይል ይበሉ። ኮምፒውተር ላይ ሲልኩ ኮምፕረስ የሚለውን ምልክት ያንሱ። በፋይል የተላከ ፎቶ እንዳለ ይደርሳል፤ ይህም ማለት ኤችኢአይሲ ከሆነ ኤችኢአይሲ ሆኖ ይደርሳል፤ ስለዚህ ለህትመት የሚልኩትን ከላይ ባልኩት መንገድ መጀመሪያ ወደ ጄፔግ ቀይረው ከዚያ በፋይል ይላኩ።

የተገላቢጦሹም ይጠቅማል። ፎቶው ለህትመት ካልሆነ፣ ለምሳሌ ቤት ለማከራየት ወይም ዕቃ ለመሸጥ ከሆነ፣ ኤችኢአይሲውን በተለመደው መንገድ ወደ ራስዎ ሴቭድ ሜሴጅስ ይላኩና መልሰው ያውርዱት፤ ቀላል ጄፔግ ሆኖ ያገኙታል።

ኮምፒውተር ላይ

ለአንድ ለሁለት ፎቶ ዊንዶውስ ላይ ያለው ፔይንት ይበቃል፤ ፎቶውን ከፍተው ፋይል፣ ሴቭ አዝ፣ ከዚያ የሚፈልጉትን ፎርማት ይምረጡ። ጥራቱን የሚመርጡበት ቦታ ስለሌለው ግን ለሰነድ አልመክረውም። ማክ ላይ ፕሪቪው ከፍተው ፋይል፣ ኤክስፖርት ሲሉ ፎርማቱንም የጥራት መጠኑንም ይሰጥዎታል።

እኔ ለአብዛኛው ሥራ ጂምፕን እጠቀማለሁ፤ ነጻ ነው፣ ኤችኢአይሲንና ዌብፒንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይከፍታል። አንድ የሚያደናግር ነገር አለው። ሴቭ ካሉት የራሱን ፎርማት ነው የሚጽፈው፣ ያንን ደግሞ ሌላ ቦታ የሚከፍትልዎ አያገኙም። ኤክስፖርት አዝ የሚለውን ይጫኑ፣ የስሙን ጫፍ በላቲን ፊደል .jpg (ለጄፔግ) ወይም .png (ለፒኤንጂ) ብለው ይጻፉ፣ ጥራት ሲጠይቅ ለፎቶ ከ85 እስከ 90 ያድርጉት። 100 ማድረግ ፋይሉን ብዙ ያከብደዋል እንጂ በዓይን የሚታይ ነገር አይጨምርም። ከ70 በታች ሲወርዱ ሰማይና ግድግዳ ላይ እነዚያ የ8 በ8 ካሬዎች ብቅ ማለት ይጀምራሉ።

የሠርግ ወይም የምርቃት ፎቶ ሆኖ መቶና ሁለት መቶ ሲሆን አንድ በአንድ አይሞከርም። ኢርፋንቪው የሚባለው፣ ለግል ጥቅም ነጻ የሆነ ትንሽ ፕሮግራም ለዚህ ጥሩ ነው። ከፍተው ከኪቦርዱ ቢ የምትባለውን የላቲን ፊደል ሲጫኑ የጅምላ መቀየሪያው መስኮት ይመጣል። በቀኝ በኩል የ«ዋና»ን ፎልደር ፈልገው አድ ኦል ይበሉ። በግራ በኩል የውጤቱን ፎርማት ይምረጡ፤ ኦፕሽንስ ገብተው ጥራቱን ይወስኑ። ማሳነስ ከፈለጉ አድቫንስድ የሚለው ውስጥ የረጅሙን ጎን ልክ ይስጡ። የሚቀመጥበትን ቦታ «የተቀየረ» የሚለውን ፎልደር ያድርጉት፤ እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ስታርት ባች። መብራት የሚቆራረጥበት ሰሞን ከሆነ በሃምሳ በሃምሳ ከፍለው ቢሠሩ ይሻላል፤ መሐል ላይ ከጠፋ የመጨረሻው ፋይል ግማሹ ግራጫ ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል ከእሱ ጀምረው ይድገሙት።

ስኩሽ የሚባል የጉግል መሣሪያም አለ። በብራውዘር ይከፈታል፣ ነገር ግን ፎቶው ከኮምፒውተርዎ አይወጣም፤ ሥራው የሚሠራው እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ነው። ጥራቱን ከፍና ዝቅ ሲያደርጉ የፋይሉን ክብደት ወዲያው ያሳይዎታል፣ በፊትና በኋላ ያለውንም ጎን ለጎን ያቀርባል። «ከዚህ ኪሎባይት እንዳይበልጥ» የሚል ፎርም ሲገጥምዎ ከእሱ የሚቀል አላገኘሁም።

ጉርድ ፎቶ ለፎርም

ዲቪ በሚሞላበት ወቅት ወረፋው እስከ በር ይደርሳል፤ ፎቶው ተመለሰብኝ የሚለውም ያን ያህል ነው። ለዲቪ በሚታወቀው መስፈርት ፎቶው ጄፔግ፣ ካሬ፣ 600 በ600 ፒክስል፣ ክብደቱም ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ መሆን አለበት። ከመላክዎ በፊት የወቅቱን መመሪያ ከራሱ ከአሜሪካ መንግሥት ገጽ ያንብቡ እንጂ በሰው ቃል አይሂዱ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ይቁረጡ፣ ቀጥሎ ያሳንሱ፣ መጨረሻ ላይ ፎርማቱን ይቀይሩ። ፎቶው ሳይቆረጥ 600 በ600 ይሁን ከተባለ ቁመቱ ወደ ወርድ ተጨምቆ ፊት ይሰፋል። ይህን ስሕተት በየዓመቱ አየዋለሁ፤ የተጨመቀ ፊት ደግሞ ሰውየውን ሌላ ሰው ያስመስለዋል። በጂምፕ የመቁረጫውን ልክ 1፡1 አድርገው ጭንቅላቱን መሐል ያስገቡ፣ ስኬል ኢሜጅ ብለው 600 ይጻፉ፣ በ90 ጥራት ጄፔግ አድርገው ያውጡ። ብዙውን ጊዜ ከ240 ኪሎባይት በጣም በታች ይሆናል። ከበለጠ ጥራቱን በ5 በ5 ይቀንሱ። ፊትን ማለስለስና የጀርባውን ቀለም በኮምፒውተር መቀየር ግን አይነኩ፤ መስፈርቱ የተነካካ ፎቶ አይቀበልም። ነጭ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ እንደገና መነሳት ይሻላል።

ያለዎት የታተመ ፎቶ ብቻ ከሆነና 2 ኢንች በ2 ኢንች ከሆነ በ300 ዲፒአይ ስካን ሲደረግ ልክ 600 በ600 ይወጣል። እኛ ቤት የተለመደው 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ጉርድ ፎቶ ግን በዚያው ስካን 354 በ472 ብቻ ስለሆነ አይበቃም።

ሎጎ

ሎጎ ጀርባው ጥቁር ወይም ነጭ ሆነብኝ የሚባለው ፒኤንጂ ወደ ጄፔግ ሲቀየር ነው። ጄፔግ ባዶ ጀርባን የሚይዝበት ቦታ ስለሌለው ፕሮግራሙ የራሱን ቀለም ይሞላበታል። ሌላ መንገድ ከሌለ ከመቀየርዎ በፊት ሥሩ ነጭ ሽፋን ያስገቡ፤ ጂምፕ ላይ ፍላተን ኢሜጅ የሚለው ይህን ይሠራል፣ የሚሞላውም የጀርባ ቀለም ተብሎ የተመረጠውን ነው። ጄፔግ የሆነውን መልሶ ፒኤንጂ ማድረግ ነጩን አያነሳውም፤ በእጅ መቆረጥ አለበት።

ንግድ የሚጀምር ሰው ሎጎ ሲያሠራ ከዲዛይነሩ የቬክተሩን ፋይል ይጠይቅ፤ ኤስቪጂ ወይም ፒዲኤፍ ሊሆን ይችላል። ቬክተር በፒክስል ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ የተጻፈ ስለሆነ ለቢዝነስ ካርድም ለሕንፃ ላይ ማስታወቂያም እኩል ይጠራል። ከቬክተር ወደ ፒኤንጂ መውረድ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከፒኤንጂ ወደ ቬክተር መውጣት ግን ሎጎውን እንደ አዲስ መሳል ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባነር የሚያሳትሙ ደንበኞቼ ቬክተሩ ስለሌላቸው ብቻ ለዚያው ሎጎ ሁለት ጊዜ ሲከፍሉ አይቻለሁ።

ለማተሚያ ቤት የሚሄድ ነገር ሲሆን ስለ ቀለሙም ይጠይቁ። ስክሪን በአርጂቢ (በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን) ያሳያል፣ ማተሚያ በሲኤምዋይኬ (በአራት የቀለም ዓይነት) ያትማል። ፒኤንጂ ሲኤምዋይኬን አይይዝም፤ ቲፍና ፒዲኤፍ ግን ይይዛሉ። ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ በወረቀት ላይ ደብዘዝ ስለሚል ብዙ ቅጂ ከማዘዝዎ በፊት አንድ ናሙና አስወጥተው በቀን ብርሃን ይዩት።

ፎቶዎችን ወደ አንድ ፒዲኤፍ

የሰርተፍኬቱን ፊትና ጀርባ በአንድ ፒዲኤፍ አድርገህ አምጣ የተባለ ሰው ፕሮግራም መግዛት የለበትም። ዊንዶውስ ላይ ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ሰይመው ሁሉንም ይምረጡ፣ በቀኝ ክሊክ ፕሪንት ይበሉ፣ ከማተሚያዎቹ ዝርዝር ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ የሚለውን ይምረጡ። አንድሮይድ ላይም ፕሪንት ብለው ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ የሚለውን ያገኛሉ።

መታወቂያዎን የት እያስቀመጡ ነው

«በነጻ እንቀይራለን» የሚሉ ድረ ገጾች ብዙ ናቸው። ለአበባ ፎቶ ችግር የለም። ፓስፖርት፣ የፋይዳ ካርድ፣ የባንክ ደብተር፣ የሕክምና ወረቀት ግን እዚያ አይጫኑ። አብዛኞቹ ፋይሉን ወደ ራሳቸው ሰርቨር ወስደው ነው የሚቀይሩት፣ ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ የሚያረጋግጡበት መንገድ የለዎትም። ከላይ የጠቀስኳቸው መንገዶች በሙሉ፣ ከቴሌግራሙ በቀር፣ ፋይሉን ከእጅዎ ሳያወጡ የሚሠሩ ናቸው።

የስልክ ፎቶ ውስጥ የተነሳበት ሰዓትና ቦታ ሊጻፍ እንደሚችልም ይወቁ፤ የቦታ ፈቃድ ለካሜራው ከሰጡ የቤትዎ አቅጣጫ በቁጥር እዚያ ተቀምጧል። ፎርማት መቀየር አንዳንዴ ያጠፋዋል፣ አንዳንዴ ይዞት ይሄዳል፤ በፕሮግራሙ ይወሰናል። ዊንዶውስ ላይ በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ ገብተው ከታች ያለውን የማስወገጃ መስመር ይጫኑ፤ መረጃው የተወገደለት ቅጂ እንዲሠራልዎ ይምረጡ።

የእኛን የመሰለ ኮፒ ቤት ሲመጡ ደግሞ የተቀየረውን ፋይል ሳይከፍቱ አይሂዱ። በ100 በመቶ ልክ ያስከፍቱት፣ ስምዎን ፊደል በፊደል ያንብቡ፣ ማህተሙን ይዩ፣ ክብደቱን በኪሎባይት ይጠይቁ። ከዚያ ፋይሉ ከዳውንሎድስም ከሪሳይክል ቢንም እንዲጠፋ ያድርጉ፤ «አጥፉልኝ» ማለት ነውር አይደለም፣ እኔ ሳልጠየቅም አደርገዋለሁ። በኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራምዎን ከፍተው ከነበረ ከስልክዎ ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ የሚለውን ይክፈቱ፤ የኮምፒውተሩ ስም እዚያ ካለ ነክተው ያቋርጡት።